ባዶ ፉርጎ

ለገሃር ፊት ለፊት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
መስኮቴ ይከፈታል ወደ ጣቢያው ሰማይ።
ትራንዚተር ነኝ እኔ፣ ወረቀት አሳዳጅ፣
የሰው ዕቃ ጠባቂ፣ የማኅተም ወዳጅ።
ወያላው ከታች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል፤
ካገር አገር መዝለል ለሱ ቀሎታል።

የወይዘሮ ዘርትሁን የዘይት መጭመቂያ
ዐሥራ ሰባት ቀኑ፣ ወደብ ሆኖት ማደሪያ።
ብረት አልጋ ይዟል፣ በቀን ይከፍላል፤
ሒሳቡ ግን ዞሮ ከዘይቱ ይገባል።
«ኑጉ ተበጥሯል፣ ቤቱም ተጠርጓል፤
ማሽኑ ነው የቀረው፣ ምን ነክቶት ዘግይቷል?»
ትለኛለች በስልክ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ።
እኔ ምን እላለሁ?
«መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። እውነትም፣ ረዥም ነው መንገድ።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ፣ ከአሮጌው ጣቢያ በር
ሙሴ ሮብሌ መጥቶ ይቆማል ከአጥር።
ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ መዛኝ ነበር፣
ድሬ የተወለደ፣ እዚህ ያረጀ ከሚዛን ጋር።
ፈረንሳይኛው አልቆ ሽርፍራፊው ቀርቶ፣
«ቦን» ይላል ሲጀምር፣ ጣቶቹን ዘርግቶ።
የከተማው ባቡር ከድልድዩ ላይ ሲያልፍ
ቀና ብሎ ያየዋል፤ አይቆጣም፣ አይስቅም።
«ሰው ያመላልሳል፤ ዋጋ ግን አያወርድም።»

አንድ ቀን ደረሰኝ ከቦርሳ አውጥቼ
«ለምን ይሄን ያህላል?» አልኩት ተሰላችቼ።
መነጽሩን ጠርጎ ቁጥሩን አነበበ፤
ድምሩን ግን ትቶ ሌላ ነገር አሰበ።
«ባዶ መመለሻውን ማን ከፈለ?» አለኝ።
አልገባኝም። ዝም ብሎ አየኝ።

«መኪናው ከወደብ ብረት ጭኖ መጣ፤
ሲመለስ ምን ጫነ? አቧራ ይዞ ወጣ።
አቧራ ማን ይገዛል? ጎማው ግን ያልቃል፤
ሞተር ባዶም ሲሄድ ናፍጣ ይጠጣል።
ያቺ ደንበኛሽ ሁለት ጊዜ ከፈለች፤
አንዴ ስለ ብረቷ፣ አንዴ ስለ አቧራ ተቀጣች።»

«ባቡር ቢሆንስ?» አልኩት።
                         «ባቡርም ያው ነው፤
ባዶ ከተመለሰ ሀዲድ ምን ሊያደርገው?
የሠላሳ መኪና ጭነት ባንድ ራስ ይጎትታል፤
የሠላሳ መኪና ባዶም እንዲሁ ይጎትታል።
በኔ ጊዜ ቁልቁል ቆዳና ባቄላ፣
ሽቅብ ጨውና ጨርቅ፣ አንዱ ያንዱን ሲሞላ፣
ያን ቀን ሚዛኔ ይስቃል። ባዶው ከሩቅ ይጮኻል፤
የባዶ ፉርጎ ድምፅ ከሙሉው ይበልጣል።
ስሰግድ «ጎረቤቴን አበልጽግ» የምለው
ለጽድቅ እንዳይመስልሽ፤ ለመልስ ጭነት ነው።
እሱ ገንዘብ ሲያገኝ ሽምብራዬን ይሻል፤
ሽምብራው ሲወርድ፣ የሚወጣው ብረት ይረክሳል።»

ከዚያ ጎንበስ አለ፣ ጉልበቱ እየጮኸ፤
በከዘራው አቧራ ላይ ሁለት መስመር ጫረ።
«የኛ ሀዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበረ፤
ሱዳን አራት ጣት ጨመረ።
አራት ጣት!» አለና እጁን አሳየኝ፣
የመዛኝ እጅ፣ ጥፍሩ ሰማያዊ።
«ሁለቱ ድንበር ላይ ቢገናኙ እንኳ፣
ሺህ ኩንታል ይወርዳል፣ ሺህ ኩንታል ይወጣል
በዚህች አራት ጣት።
ካርታ ላይ ድንበሩ ቀጭን መስመር ነው፤
የሚያወፍረውማ ማውረድ መጫኑ ነው።»

«ብድሩስ?» አልኩት። ዝም አለ። ሚዛን ያወቀ ሰው
ያልመዘነውን ዕቃ «ቀላል ነው» አይለው።

ማታ ወይዘሮ ዘርትሁን እንደልማዷ ደወለች።
«ተጫነልሽ» አልኳት። እልል ትላለች ስል፣ ዝም አለች።
«ስሚኝማ፣ ኑጉ ሲጨመቅ ፋጉሎ ይተርፋል፤
ያገሬ ከብት አይጨርሰው። ከድንበር ማዶ ማን ይገዛል?»

መስኮቴን ከፈትኩ። ጣቢያው ጨልሟል፤
ወያላው አሁንም «ሜክሲኮ!» ይላል።
መልስ አልነበረኝም። ወረቀት ስቤ በእርሳስ ጻፍኩ፣
«የመልስ ጭነት» ብዬ፤
ከሥሩም አንድ ባዶ መስመር ተውኩ።